ውጤቱን ማን ያስረዳል?

ስለ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከፍተኛ የሙያ ዲግሪ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ትኩሳት ይዞት ሕክምና ሄዶ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ የማያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ እጁን ያንሳ። እንደምታዩት የተነሡት እጆች ጥቂት ናቸው። እኔም ተብያለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ተብላለች።

መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ካርድ ይወጣል፣ ሐኪም ያያል፣ ደም ይታዘዛል፣ ላቦራቶሪው መስኮት ፊት ወረፋ ይያዛል። ቆይቶ ስም ይጠራና ትንሽ ወረቀት በመስኮቱ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ «ዊዳል 1፡80» ወይም «1፡160» የሚል ነገር ተጽፏል። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ መድኃኒት ያዝዛል። በሽተኛው ቤቱ ገብቶ «የአንጀት ተስቦ ነው አሉኝ» ይላል፤ ጎረቤትም ሊጠይቀው ይመጣል።

ይህ ምርመራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከፌርናንድ ዊዳል ነው። ዊዳል ምርመራውን ያሳወቀው በ1896፣ ማለትም እኛ አድዋ ላይ በዘመትንበት ዓመት ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምርመራው ተሕዋሲውን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰውነታችን ተሕዋሲውን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ በሽታው ከለቀቀን በኋላም በደማችን ውስጥ ይቆያል። በሌላ ተሕዋሲ ምክንያት የተሠራ አንቲቦዲም ምርመራውን ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ ታይፎይድ በብዛት ባለበት አገር ጤነኛ ሰው ቢመረመርም ደሙ «አለ» ሊል ይችላል። ከዊዳል አንድ ቁም ነገር ለማግኘት ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሁለተኛ ደም ወስዶ መጠኑ አራት እጥፍ መጨመሩን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ደም ሊሰጥ የተመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ተሕዋሲውን ራሱን ማግኘት የሚቻለው አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ደም ተወስዶ በካልቸር ሲበቅል ነው። ካልቸር ቀናት ይፈልጋል፤ ሁሉንም በሽተኛ አያገኝም፤ በብዙ ጤና ተቋሞቻችንም የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያን «1፡80» የጻፈው የላቦራቶሪ ባለሙያ ይህን ሁሉ ያውቃል ወይስ አያውቅም?

ያውቃል። ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ተፈትኖበታል። እኔም ከዚያ መስኮት ጀርባ ለዓመታት ሠርቻለሁና አውቀው ነበር። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የአንድ ወጣት ደም መጣልኝ። መዝገቡን ስገልጥ በዚያው ዓመት ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ ሦስቱም ጊዜ ያው 1፡80። ሁለት ዙር መድኃኒት የወሰደ ሰው ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ንቅንቅ አላለም። ይህ የአሁን በሽታ ምልክት እንዳልሆነ ልቤ ነግሮኛል። ያደረግሁት ግን ቁጥሩን ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ መስጠት ነው። ስልኩ ከእጄ አጠገብ ነበር፤ አላነሣሁትም።

ለምን? ቅጹ ላይ ከቁጥሩ ሌላ የምጽፍበት ቦታ የለም። የሥራ መዘርዝሬ «ይመረምራል፣ ውጤት ያስተላልፋል» ይላል እንጂ «ያማክራል» አይልም። ደውዬ «ዶክተር፣ ይህ ምርመራ አይጠቅምዎትም» ብል ድፍረት ይሆንብኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ያሰረኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ምርመራው ባውቅም ስለ በሽተኛው አላውቅም ነበር። ትኩሳቱ ስንት ቀኑ ነው? ምን ምን ወስዷል? ታይፎይድ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? የትኛውን ምርመራ ልጠቁም? ሐኪሙ «እሺ፣ ታዲያ ምን ልዘዝ?» ቢለኝ መልስ አልነበረኝም። ሥልጣኑም እውቀቱም ጎድሎኝ ነበር። ስለ ከፍተኛ የሙያ ዲግሪ ስናገር የምናገረው ስለዚህ ጉድለት ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ከበድ ያለ ነውና ታገሡኝ።

አንዲት ሴት ለቀዶ ሕክምና ትዘጋጃለች። ደሟ በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ የሚለካው ፒቲቲ የሚባለው ምርመራ ታዘዘላት፤ ውጤቱም ረዝሞ መጣ። ይህን ያየ ሁሉ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ደሟ አይረጋም፣ ቢላዋ ከነካት ትደማለች» ነው። ቀዶ ሕክምናው ይቆማል። አንዳንዴም በጥንቃቄ ስም ፕላዝማ ይሰጣታል።

የረዘመ ፒቲቲ ግን ብዙ አባት አለው። ደሙ የሚወሰደው እንዳይረጋ የሚያደርገው ሲትሬት ባለበት፣ ክዳኑ ሰማያዊ በሆነ ቱቦ ነው። ልኩ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው። ቱቦው ሳይሞላ ከተላከ ሲትሬቱ ይበዛና ጤነኛ ደም በሽተኛ ይመስላል። ደሙ ሄፓሪን የተባለው የመርጋት መከላከያ መድኃኒት ከሚሰጥበት መስመር ተቀድቶም ሊሆን ይችላል። እውነት የሄሞፊሊያ ዓይነት ጉድለትም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፍርሃቱ ትክክል ነው። ፋክተር 12 የሚባለው የደም ማርጊያ ፕሮቲን ቢጎድል ደግሞ ፒቲቲው እጅግ ይረዝማል፤ ሰውየው ግን አይደማም። ከሁሉም የሚገርመኝ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት የሚባለው ነው። ይህ አንቲቦዲ በቱቦው ውስጥ፣ ምርመራው የሚሠራበትን ፎስፎሊፒድ ይዞ ደሙ እንዳይረጋ ያዘገያል፤ በሰውነት ውስጥ ግን ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋል። ትደማለች ተብሎ የተፈራላት ሴት የሚያሰጋት የደም መርጋት ነው ማለት ነው። በስሙ ውስጥ «ፀረ መርጋት» የሚል ቃል ስላለ ስሙ ራሱ ያሳስታል።

እነዚህን መለየት የሚጀመረው በቀላል ሥራ ነው። የሴትዮዋን ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሎ እንደገና መለካት ነው። ጊዜው ከተስተካከለ የጎደለ ነገር አለ፤ ጤነኛው ፕላዝማ ሞልቶታል። ካልተስተካከለ የሚከለክል ነገር አለ፤ ጤነኛውንም ከልክሎታል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይለያያል፤ በየመንገዱ ላይ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ዋጋ፣ ሌላ ስሕተት አለ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ይህን ሁሉ በልቡ ይያዝ ማለት አይቻልም፤ የእርሱ እውቀት እጁና ዐይኑ ላይ ነው። አንድ ሰው ከጎኑ ቆሞ «ቱቦው ሞልቶ እንደገና ይቀዳ፤ ከዚያ ቀላቅዬ ልየው፤ እስከዚያ ፕላዝማ አትስጡ» ሊለው ይገባል።

ይህ ሰው ማን ነው? ፓቶሎጂስት ባለበት ፓቶሎጂስቱ ሊሆን ይችላል። ፓቶሎጂስት ግን በብዙ አገር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጊዜውም በሕብረ ሕዋስ ስላይድ ላይ ያልፋል።

አሜሪካኖች ለዚህ ቦታ አዲስ ዲግሪ አበጁ። ስሙ የክሊኒካል ላቦራቶሪ ሳይንስ ዶክተር ነው፤ በአጭሩ ዲሲኤልኤስ ይሉታል። ቀድሞ የጀመረው በኒው ጀርሲ የሚገኘው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የመጀመሪያው ተመራቂም በ2018 ወጣ። በቴክሳስ ጋልቨስተን ከተማ ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ቅርንጫፍና የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከልም ፕሮግራም ከፈቱ። የሚገባበት ሰው በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀና የሙያ ፈተናውን አልፎ የተመሰከረለት የላቦራቶሪ ሳይንቲስት ነው። ሂማቶሎጂውን፣ ኬሚስትሪውን፣ ማይክሮባዮሎጂውን፣ የደም ባንኩን በጥልቀት ይማራል፤ ስለ በሽታዎችና ስለ ሕክምናቸውም ይማራል። ትምህርቱን ልዩ የሚያደርገው የመጨረሻው ክፍል ነው። ሬዚደንሲ ይገባል። ከማሽኑ አጠገብ ተነሥቶ ከሐኪሞቹ ጋር ዋርድ ይዞራል፣ የበሽተኛውን ካርድ ያነብባል፣ «ምን እንዘዝ? ይህ ውጤት ምን ማለት ነው?» ለሚለው ጥያቄ እየተጠየቀ መልስ ይሰጣል። እኔ በዚያ ሌሊት የጎደለኝን ነው የሚማረው።

ይህ ዲግሪ ከፒኤችዲ ይለያል። የፒኤችዲ ተማሪ ማንም ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ይዞ ዓመታት ይቆፍራል፤ አዲስ እውቀት ያወጣል። የሙያ ዶክትሬት የሚያጠናው ሰው የወጣውን እውቀት ዛሬ ጠዋት አልጋ ላይ ወደ ተኛው ሰው ያደርሳል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ሐሳቡ ብቻውን አልበቀለም። በጋልቨስተን ፓቶሎጂስቱ ማይክል ላፖሳታ የምርመራ አማካሪ ቡድን የሚባለውን አሠራር ለብዙ ጊዜ ሲያስተምሩና ሲያስፋፉ ቆይተዋል። የተለያዩ ባለሙያዎች በየቀኑ ተቀምጠው አስቸጋሪ ውጤቶችን ያያሉ፤ ለሐኪሙ ከቁጥር ይልቅ በዚያ በሽተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ አንቀጽ ይጽፉለታል። በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ስለ ምርመራ ስሕተት ባወጣው ትልቅ ዘገባ፣ አብዛኛው ሰው በዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ወይም የዘገየ የበሽታ ልየታ እንደሚደርስበት ገለጸ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችም የምርመራው ቡድን ሙሉ አባል እንዲሆኑ ጠየቀ። የአገሪቱን ላቦራቶሪዎች የሚገዛው ደንብም በ2023 መጨረሻ ሲሻሻል፣ ለዶክትሬት ዲግሪ በሰጠው ትርጉም ውስጥ በክሊኒካል ላቦራቶሪ ሳይንስ የተሠራ ከፍተኛ ጥናትን አካተተ። እንግሊዞች በራሳቸው መንገድ ሄደዋል፤ በብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸው ሳይንቲስቶችን አምስት ዓመት አሠልጥነው ለአማካሪነት ደረጃ የሚያበቃ ፕሮግራም አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። በስብሰባዎቻችን ሁሉ «ሰባ በመቶ የሚሆነው የሕክምና ውሳኔ በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ይመሠረታል» ይባላል። ይህን ቁጥር አልጠቅሰውም። ምንጩን የመረመሩ የራሳችን ሙያ ሰዎች መሠረቱ የላላ መሆኑን ጽፈዋል። የማስረጃ ሰዎች ነን ካልን ስለ ራሳችን ስንናገርም ማስረጃ ልንይዝ ይገባል።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አልሸሽም። አንደኛው «ዶክተር» የሚለው መጠሪያ ነው። በሽተኛ ነጭ ጋወን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ብሎ በሚጠራበት አገር አንድ ተጨማሪ ዶክተር ግራ ያጋባል ይላሉ። እውነት አለበት። መልሴ፣ በበሽተኛ ፊት ስምና ሙያ አብሮ ይነገር የሚል ነው፤ «የላቦራቶሪ አማካሪ ነኝ» ማለት የሚያሳፍር አይደለም። ሁለተኛው የሚመጣው ከራሳችን ባልደረቦች ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ ደሞዜ ያው ከሆነስ?» ይላሉ። ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። በአሜሪካም ብዙ ሆስፒታሎች ገና ለዚህ ሰው የሥራ መደብ የላቸውም፤ ተመራቂዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቦታቸውን በራሳቸው ማስረዳት ነበረባቸው። መደብ ሳይኖር ዲግሪ መክፈት ወጣቶችን መበደል ነው። ሦስተኛው፣ ሐኪሙን ይሻማል የሚለው ነው፤ ይህን ግን አልቀበለውም። በአሜሪካ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የፋርማሲ መግቢያ ዲግሪ ዶክትሬት ሆኗል፤ ፋርማሲስቱ ዋርድ ሲዞር ሐኪሙ አልተፈናቀለም፤ የመድኃኒት ስሕተት የሚይዝለት ሁለተኛ ዐይን አገኘ። በእኛም አገር ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው ትምህርት ከተጀመረ ቆይቷል፤ ፋርማሲስቶቻችን ከመድኃኒት መስኮቱ ጀርባ ወጥተው አልጋ አጠገብ ቆመዋል። የእኛ መስኮት ግን እስካሁን አልተከፈተም።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። በኢትዮጵያ የላቦራቶሪ ትምህርት ከዲፕሎማ ተነሥቶ ዲግሪ ደርሷል፤ በሂማቶሎጂ፣ በክሊኒካል ኬሚስትሪ፣ በማይክሮባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ ሦስተኛ ዲግሪ የያዙ ምሁራንም አሉን። በ2009 ኪጋሊ ላይ ከተጀመረው የአፍሪካ ላቦራቶሪዎች የጥራት ጉዞ ጋርም ብዙ ተጉዘናል፤ ከላቦራቶሪዎቻችን መካከል በኮከብ እየተመዘኑ ወደ ዓለም አቀፍ ዕውቅና የወጡ አሉ። ቁጥሩ ትክክል እንዲሆን በብርቱ ተሠርቷል። የቁጥሩ ትርጉም እንዲገባ ግን ገና አልተሠራም።

የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። የእኛ መሰላል ወደ ላይ ሲወጣ ከላቦራቶሪው ያስወጣል። ጎበዙ ልጅ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲይዝ ወደ ማስተማር ይሄዳል፣ ወደ ፕሮጀክት ቢሮ ይሄዳል፣ ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። እኔ አልፈርድበትም፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ቢቆይ የሚጠብቀው የተረኝነት መርሐ ግብር ብቻ ነው። የበለጠ የተማረው ሰው ከበሽተኛው ደም የበለጠ የሚርቅበት ሙያ ሆኗል። የሙያ ዶክትሬት ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ወደ ላይ እየወጡ እዚያው መቆየት እንዲቻል ያደርጋል።

እዚያው የሚቆይ ሊቅ ለምን እንደሚያስፈልገን ከወባ እንማር። ብዙዎቹ ፈጣን የወባ መመርመሪያ ኪቶች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ የሚያወጣውን ኤችአርፒ 2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ጥገኛ ተሕዋስያን መኖራቸው መጀመሪያ በፔሩ ታወቀ፤ ቆይቶ በኤርትራ፣ በ2021 በታተመ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ ጠረፍ አካባቢዎች ተረጋገጠ። ወባ የያዘውን ሰው ኪቱ «የለብህም» ይለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ከአምስት በመቶ ሲበልጥ ኪቱ እንዲቀየር ይመክራል። ይህን ክፍተት መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው? አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ኪቱ ኔጌቲቭ ያለውን ደም በማይክሮስኮፕ አይቶ ጥገኛውን ያገኘ ባለሙያ ነው። ያ ሰው «ኪቱ ተበላሽቷል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ወይም የሚደውልለት፣ ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ አማካሪ ካለው ዜናው አገር ይደርሳል።

የእኛው አካል የሚጠይቀው እውቀትም አለ። ወረቀቱ ላይ ከውጤታችሁ አጠገብ የሚታተመው «ጤናማ መጠን» ብዙውን ጊዜ ከማሽኑ አምራች ወይም ከውጭ መጽሐፍ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ከፍታ ሄሞግሎቢንን ይጨምራል። ስለዚህ በቆላ ሰው ልክ «ደም ማነስ የለባትም» የተባለች የደጋ ነፍሰ ጡር ደሟ አንሶ ሊሆን ይችላል። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያውያንና ኔዘርላንዳውያን አብረው በሠሩት የኤድስ ምርምር ደግሞ ሲዲ 4 የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ላይ ከኔዘርላንዳውያኑ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት የሚጀመርበት ጊዜ በሲዲ 4 ቁጥር በሚወሰንበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችን የሚያውቁትን አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። አንድ ኢትዮጵያዊ ዋሽንግተን ደርሶ ለሥራ ይመረመራል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳቱ 1,200 ሆነው ይመጣሉ፤ ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛው ልክ ከ1,500 በላይ ነው። በቀይ ምልክት ተደርጎበት ይወጣል። ሰውየው ደህና ነው፤ ግን «የደም ካንሰር ይሆን?» የሚል ሐሳብ ቤቱ ይገባል። ወደ ደም ሐኪም ይላካል፤ አንዳንዴ እስከ መቅኔ ምርመራ ይደርሳል። ብዙ አፍሪካውያን ላይ፣ የእኛም ሰዎች ጭምር፣ ዳፊ ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር በተያያዘ የኒውትሮፊል ቁጥር በተፈጥሮው ዝቅ ይላል፤ ሰውየውን ለበሽታ አያጋልጠውም። በዚያ ከተማ ሆስፒታሎች ሌሊቱን ማሽን አጠገብ ከሚያድሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አሉ። ያን ውጤት የሚለቅቀው እጅ የአገሩ ልጅ እጅ ሊሆን ይችላል፤ እኔ በዚያ ሌሊት እንዳደረግሁት ቁጥሩን ብቻ ይለቅቃል።

ያ ባለሙያ የምናገርለትን ትምህርት ተምሮ ቢሆን ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ሥር እንዲህ የሚል ይታተም ነበር፦ «የቀድሞ ውጤቶች ካሉ ይነጻጸሩ። ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ከሌለና ሌሎቹ ሕዋሳት ጤናማ ከሆኑ ይህ ቁጥር የዚህ ሰው የተለመደ መጠን ሊሆን ይችላል። ከመቅኔ ምርመራ በፊት የዳፊ ዓይነቱ እንዲታይ ይመከራል።» ከዚያ በታች የባለሙያው ስም፣ ሙያውና የስልክ ቁጥሩ።